እትዬ ምልክት እና ሰይፉን የረሳው ጀግና

ሰው ጃንጥላ ይረሳል። ይህ የታወቀ ነው፤ ማንም አይፈርድበትም። ሰው የገዛ ጥርሱን አውቶብስ ላይ ረስቶ ሲወርድ ግን፣ ያውም የላይኛውን ብቻ፣ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። እትዬ ምልክት ይህን ለማሰብ በቂ ጊዜ ነበራት። በትልቁ የአውቶብስ መናኸሪያ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ፣ ፀሐይ በስህተት ካልሆነ በማትገባበት ክፍል ውስጥ ከወጣትነቷ ጀምሮ ተቀምጣለች። በሩ ላይ «የተረሱ ዕቃዎች ክፍል» የሚል ተለጥፏል። ከተረሱት ዕቃዎች አንዷ እሷ ናት እያሉ ሾፌሮቹ ይቀልዱ ነበር። ቀልዱን መጀመሪያ የሰማች ቀን ከልቧ ስቃለች፤ ከዚያ ወዲህ የምትስቀው ለጨዋነት ያህል ነው።

ስሙንም ያወጡላት ሾፌሮቹ ናቸው። ወደዚያ መስኮት የመጣ ሰው ሁሉ፣ ሹምም ይሁን ተማሪ፣ አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል።

«ምልክቱ?» ትላለች፣ ቀና ሳትል።

«ጥቁር ቦርሳ ነው» ይላል ሰውየው።

«ጥቁር ቦርሳ ሞልቷል። ምልክቱ?»

«ዚፕ አለው።»

«ዚፕ የሌለው አላጋጠመኝም። ምልክቱ?»

ሰውየው እዚያው ቆሞ ላብ ያጠምቀዋል። ለዓመታት ተሸክሞት የኖረውን ቦርሳ አንድ ቀን እንኳ በቅጡ አይቶት እንደማያውቅ የሚገባው ያኔ ነው። ሰው በየቀኑ የሚይዘውን ነገር አያይም ብላ ታምናለች፤ ማስረጃዋ ደግሞ መደርደሪያ ሙሉ ነው። ግራ ግራው ብቻ የተረፈ የጫማ ዘር፣ ወፍ የሌለበት የወፍ ቤት፣ ማንም መጥቶ ያልጠየቀው ጥሩምባ፣ አንድ ክራንች አለ። የክራንቹ ባለቤት ያለ ክራንች እንዴት ወርዶ እንደሄደ እስካሁን አልተገለጠላትም። ጥርሱ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ተቀምጧል። ውሃውን በየሳምንቱ ትቀይርለታለች፤ የሰው ጥርስ ነውና ክብር ይገባዋል። ያልተጠየቀ ዕቃ አንድ ዓመት ይቆይና ጨረታ ይወጣል፤ ደንቡ እንዲህ ነው።

ባሏ ደግሞ አራሚ ነው። በከተማው ያለው አሳታሚ ድርጅት አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የሚያሳትመው የጀግና ታሪክ ብቻ ነው፣ የእነዚያ ሁሉ መጻሕፍት አራሚ ደግሞ እሱ ነው። እውነቱን ለመናገር መጻሕፍቱ ሽፋናቸው ይለያይ እንጂ አንድ መጽሐፍ ናቸው። አንድ ጎረምሳ ይወለዳል፤ ወላጆቹ ጊዜ ሳያባክኑ ይሞቱለታል። ነጭ ጺም ያለው ሽማግሌ ከጫካ ብቅ ይልና «የተመረጥከው አንተ ነህ» ይለዋል። ማን እንደመረጠው፣ ሌላ ተወዳዳሪ ይኑር አይኑር፣ ድምፅ ይሰጥ አይሰጥ አይነገርም። ከዚያ ሰይፍ፣ ከዚያ ፈረስ፣ ከዚያ ወርቅ ላይ የተኛ እሳት የሚተፋ ዘንዶ ይከተላል። ዘንዶው በወርቁ ምን ሊገዛበት እንዳሰበ ጠይቆ የሚያውቅ የለም። ልዕልቲቱ ግንብ ላይ ናት፤ ሥራዋ መጠበቅ ነው።

አራሚው ይህን ሥርዓት ከማንም በላይ ያውቃል፣ ከማንም በላይም ያከብራል። አንድ ደራሲ ለልዕልቲቱ መነጽር ቢያደርግላት መነጽሩን ሰርዞ ያወጣዋል። ድርጅቱ ውስጥ «ጋሽ ስርዝ» ይሉታል፤ እሱ ግን ይህን አያውቅም። ቀይ እስክሪብቶው ከደረት ኪሱ አይለይም። የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያርማል፤ የጎረቤት የሠርግ ጥሪ አርሞ ለባለቤቱ መልሷል፤ ሠርጉም ላይ ሄዶ በልቷል። እትዬ ምልክት ይህን ከመጀመሪያው አውቃ ነው የገባችበት። እጮኛሞች ሳሉ አንድ ቀን ሆድ ብሷት ረዘም ያለ የፍቅር ደብዳቤ ጻፈችለት። በሦስተኛው ቀን ደብዳቤው ቀይ በቀይ ሆኖ ተመለሰላት፤ ግርጌው ላይ «ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ተደጋግሟል» ይላል። ይህን አይታ አገባችው። ሰው በገዛ እጁ ለሚያመጣው ነገር ማንን ይከሳል?

መሥሪያ ቤቷን ረግጦት አያውቅም። በየጠዋቱ የሚሳፈረው አውቶብስ መጨረሻው መናኸሪያው ነው፤ እሱ ግን አንድ ፌርማታ ቀደም ብሎ ይወርዳል። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ያቺን አንዲት ፌርማታ ጨምሮ የሄደበት ቀን የለም። ምን ብለው እንደሚጠሯትም አልጠየቀም፤ ለእሱ እሷ «አንቺ» ናት።

መጻፍ የጀመረችው በንዴት ነው። አንድ ቀን ራት ላይ፣ ያንን ሰሞን የሚያርመው መጽሐፍ ውስጥ ጀግናው በሰባት አገር እንዳለፈ ሲተርክላት፣ «ጓዙን ማን ይጠብቅለታል?» አለችው።

«ጀግና ጓዝ የለውም።»

«ይጓዛል አልክ አይደል? የሚጓዝ ሰው ዕቃ ይረሳል።»

«ጀግና አይረሳም» አለ፣ ጉዳዩ ተዘጋ።

ለእሱ ተዘጋ። ለእሷ ግን ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሳት። በማግስቱ ሰው በሌለበት ሰዓት የቢሮዋ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣ ተአምረኛ ሰይፉን ጋሪ ላይ ረስቶ ስለወረደ ጀግና አንድ ገጽ ጻፈች። ብቻዋን ስትስቅ ሰምቶ አንድ ሾፌር አንገቱን በመስኮቱ አስገብቶ አያት። ገጹ ምዕራፍ ሆነ፣ ምዕራፉ መጽሐፍ ሆነ። በፈጠራ ስም አድርጋ ለዚያው ለባሏ ድርጅት በፖስታ ላከችው። ሌላ አሳታሚ የለም፤ ያ አንደኛው ምክንያት ነው። ሁለተኛውን ለማንም አልተናገረችም። ባሏ አንድ ቀን እንኳ በጻፈችው፣ በተናገረችው፣ በሠራችው ነገር ስቆ አያውቅም። የማን እንደሆነ ሳያውቅ ቢስቅ ሳቁ የእውነት ይሆናል ብላ ነው። ይህን ነገር አጥብቃ ፈልጋዋለች።

የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ረቂቁን አንብቦ ወንበሩ ላይ በሳቅ ተንከባለለ። አራሚውን ጠርቶ፣ «ነጥቡንና ሰረዙን ብቻ እይልኝ፤ ሌላውን አደራ እንዳትነካው። ስስቅ ልሞት ነበር» አለው። ከእርማት የወጣውን ዳግመኛ የማንበብ ልማድ የለውም፤ እንደወጣ ወደ ማተሚያ ቤት ነው የሚልከው። አራሚው ለአለቃው ጤንነት አዝኖ፣ አደራውን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ፣ ረቂቁን ተሸክሞ ቤቱ ገባ።

ከዚያ ማታ ጀምሮ የእትዬ ምልክት ራት ስቃይ ሆነ።

ቤቱ ውስጥ ሦስት ናቸው። ሦስተኛዋ የአራሚው እናት ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ምላሳቸው ግን አንድ ቀን ደክሞት አያውቅም። መስኮቱ ሥር ካለችው ወንበራቸው አይነሡም። አራሚው ምግቡን ገፋ አድርጎ ረቂቁን ዘረጋ፤ ቀዩን እስክሪብቶ መዘዘ።

«ስሚኝማ፣ ይህን ጉድ ስሚ» አለ ሚስቱን። «"የተመረጠው ጎረምሳ ከጋሪው ወርዶ ጥቂት እንደሄደ ወገቡ ቀለለው። ሰይፉን ጋሪው ላይ ረስቷል።" ረስቷል! ተአምረኛውን ሰይፍ!»

«ሰው ነው፤ ይረሳል» አለች እትዬ ምልክት፣ ድስት እየፈተገች።

«ጀግና ነው እንጂ ሰው አይደለም!»

«አባትህ በሠርጋችን ማግስት እኔን ገበያ ላይ ረስቶኝ ብቻውን ቤት ገብቷል» አሉ እናቱ ከወንበራቸው። «ቀጥል እስቲ።»

ቀጠለ፤ እንደ ክስ ማመልከቻ እያነበበ። «"ጎረምሳው መስኮቱ ጋ ደርሶ ሰይፌን አለ። ሴትዮዋ ቀና ሳትል፣ ምልክቱ? አለችው። ያበራል አላት። ሁሉም ያበራሉ፤ ምልክቱ? አለችው። ክፉ ሰው ሲቀርብ ይዘምራል አላት። ከመጣ ጀምሮ ሲዘምር ነው የሚውለው፤ እዚህ የሚመጣውን ሰው አታውቀውም? ምልክቱ? አለችው።"»

አሮጊቷ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሳቃቸው ወደ ሳል ተቀይሮ ውሃ እስኪመጣላቸው ድረስ ተንፈራፈሩ።

«እማዬ፣ ይህ ምኑ ያስቃል?» አለ አራሚው፣ ከልቡ ግራ ገብቶት። «"ምልክቱ" የሚለው ቃል እዚህች ገጽ ላይ ብቻ ስንት ጊዜ ተደጋግሟል! ደራሲው የቃል ድህነት አለበት።» እስክሪብቶውን እየጎተተ ሁሉንም አወጣቸው። በምትኩ ሴትዮዋ ሰይፉን እንዳየች ተንበርክካ ለጀግናው እንድታስረክብ አደረገ።

አሮጊቷ ዓይናቸውን እየጠረጉ ፊታቸውን ወደ ድስቱ ድምፅ መለሱ። «ልጄ፣ መሥሪያ ቤት ምን ብለው ነው የሚጠሩሽ ያልሽኝ?»

«ይተዉት እማማ» አለች እትዬ ምልክት፣ ድስቱን አጥብቃ እየፈተገች።

«ተውኩት» አሉ አሮጊቷ፣ ሌላም አልጨመሩ። ልጃቸው ገጽ ገለጠ።

በየማታው እንዲህ ሆነ። ዘንዶዋ መጣች። አንገቷን ዝቅ አድርጋ በመስኮቱ እያየች፣ «ይቅርታ፣ ጃንጥላ ረስቼ ነበር» ትላለች። ዝናብ ከነካት እሳቷ ይጠፋል፣ ከዚያ ሲያስላት ነው የሚያድረው። አራሚው ገጹ ዳር «ዘንዶ አይስልም» ብሎ ጻፈ፤ ጃንጥላዋን ነጥቆ መንደር አስቃጠላት። የጨለማው ንጉሥም መጣ። የረሳው የግራ እጅ ጓንቱን ነው፤ ሰልፍ ይዞ ተራውን ስለጠበቀ የጨለማው ንጉሥ መሆኑን ማንም አላወቀም። ሰልፉን ጥሶ ከፊት የገባው የተመረጠው ጎረምሳ ነው፤ ተመርጫለሁ ብሎ። አራሚው ሁለቱን ቦታ አለዋወጣቸው። መደርደሪያው ላይ በብርጭቆ የተቀመጠው ጥርስና የብቻው ክራንች ጎን ደግሞ «የማይታመን» ብሎ ጽፎ ሰረዛቸው።

እትዬ ምልክት ድስቷን ትፈትጋለች። አንድ ማታ አላስችል ብሏት፣ «ግን ትንሽም አያስቅህም?» አለችው።

«ስህተት ያስቃል እንዴ?» አለ። ቀልዱን አልነበረም፤ መልስ እየጠበቀ ነበር።

እዚህ ላይ ሰውየውን አረመኔ አድርገን እንዳንወስደው። ሚስቱን መትቶ አያውቅም፣ ሰክሮ ገብቶ አያውቅም፣ ደሞዙን ሳይቀንስ ያስገባል። እንደነዚህ ያሉ ሰዎች ላይ አቤት የሚባልበት ቢሮ የለም፤ ችግሩም እዚያ ላይ ነው።

የመጨረሻው ምዕራፍ ቀን ደረሰ። አራሚው በተለመደው ደረቅ ድምፅ አነበበው። «"ማታ በሩን ከዘጋች በኋላ ሴትዮዋ ወደ ቤቷ አልሄደችም። የዕቃ መለያ ካርድ ወስዳ እጇ ላይ አሰረች። ጃንጥላዎቹን ጠጋ ጠጋ አድርጋ መደርደሪያው ላይ ወጥታ ተቀመጠች። ማን መጥቶ እንደሚጠይቃት፣ ምልክቷንም መናገር ይችል እንደሆነ ልታይ ፈለገች።"» ወረቀቱን ገለበጠው፤ ጀርባው ባዶ ነው። «አለቀ! በቃ! ይህ መጨረሻ ይባላል?»

አሮጊቷ በዚህ አልሳቁም። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጠፉ።

አራሚው ግን ጊዜ አላጠፋም። በቀይ ቀለም፣ ባማረ የእጅ ጽሑፍ፣ ጀግናውን በነጭ ፈረስ አስመጣው። ሴትዮዋ ለካስ በሕፃንነቷ የጠፋች ልዕልት ናት፤ ጀግናው አቅፎ ከመደርደሪያው ያወርዳታል፣ ሠርግ ይደገሳል፣ ቢሮውም ይዘጋል። የጻፈውን ሲያነብላቸው ድምፁ ሞቅ አለ።

«ምልክቷን ተናገረ?» አለች እትዬ ምልክት።

«ማን?»

«ጀግናው። ምልክቷን ሳይናገር እንዴት ሰጡት?»

«ጀግና ምን ምልክት ያስፈልገዋል? ያነሳታል፣ ይሄዳል።»

ድስቱን አስቀመጠች። «እሱን ገጽ አትንካው። ሌላውን እንዳሻህ አድርገው፤ እሱን ግን ተወው።»

ከተጋቡ ጀምሮ እንዲህ ባለ ድምፅ ተናግራው አታውቅም። አራሚው ከመነጽሩ በላይ አያት። «አንቺን ደግሞ ምን አገባሽ?»

አግብቷትማ ነበር፤ ችግሩ እሱው ነው።  እጇን አድርቃ መኝታ ቤት ገባች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። አለቀሰች ማለት ያስፈልጋል፤ አለቀሰች። ነገ ጠዋት ረቂቁ ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል፤ የእሷ መጽሐፍ የእሱ ሆኖ ይወጣል።

በማግስቱ አራሚው ቦርሳውን አንግቦ አውቶብስ ተሳፈረ፣ ወንበር አግኝቶም ተቀመጠ። ሁሉም ደህና ነበር፤ ከበሩ በላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ እስኪያይ ድረስ። «በር ላይ መቆም አይፈቀድም ክልክል ነው» ይላል። ለአንድ ጥፋት ሁለት ክልከላ! መንገዱን ሁሉ እያነበበው አላስቀምጥ አለው። ሊደርስ ሲል ተነሣ፣ መቆም የማይፈቀድበት በር ላይ ቆመ፣ ቀዩን እስክሪብቶ መዞ «ክልክል ነው» የሚለውን ሰረዘ። በሩ ተከፈተ። እስክሪብቶውን እንደያዘ፣ የሠራውን እያደነቀ ወረደ። ቦርሳው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ወደ ቀጣዩ ፌርማታ፣ ወደ መናኸሪያው፣ ሄደ።

ትኬት ቆራጩ ቦርሳውን አምጥቶ የእትዬ ምልክት መስኮት ላይ አስቀመጠው። «አንድ ሰውዬ ማስታወቂያችን ላይ ጽፎ ሲወርድ ረስቶት ነው» አለ።

ገና እንዳየችው አወቀችው። እጀታው በሰማያዊ ክር ተሰፍቷል። ባለፈው ክረምት ተበጥሶ ሳለ ጥቁር ክር አልቆባት እሷው ናት የሰፋችው።  የረቂቁ ያልተነካ ሁለተኛ ቅጂ እዚያው መሳቢያዋ ውስጥ አለ። አንዱን አውጥቶ ሌላውን መክተት ለቅጽበት የማይሞላ ሥራ ነው፤ ማን ያያል? እጇን ዚፑ ላይ አድርጋ ቆየች። ነገር ግን ከተቀጠረች ጀምሮ በሌላ ሰው ዕቃ ውስጥ እጇን ከታ አታውቅም፤ ዛሬ በእሱ ምክንያት ልትጀምር? ካርድ አሰረችበትና ከጥርሱ ብርጭቆ አጠገብ አስቀመጠችው። ከዚያ ጠበቀች።

ከሰዓት በኋላ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ጠዋት ሙሉ የአውቶብሱን ድርጅት በስልክ ሲያስጨንቅ ውሏል። እንደገባ ሰልፉን አልፎ ወደ መስኮቱ ገሰገሰ።

«ወዴት ነው?» ጮኸ ሰልፈኛው።

«ባለቤቴ ናት!»

«ተራዎን ይጠብቁ» አለች እትዬ ምልክት፣ ቀና ሳትል።

ወደ ኋላ ተመልሶ ተሰለፈ፣ ሻንጣ ከጠፋባት አንዲት ተማሪ ኋላ። የሚያርመው ወረቀት ስላልነበረው ዓይኑን ወደ ክፍሉ ወረወረ። መደርደሪያው ላይ ግራ ግራ ጫማ ተደርድሯል። ጥሩምባ አለ። ብቻውን የቆመ ክራንች አለ። በብርጭቆ ውሃ ውስጥ የላይኛው ረድፍ ጥርስ ተዘፍዝፏል። አራሚው አንድ ቀን «የማይታመን» ብሎ የጻፈበትን ነገር ትኩር ብሎ አየው፤ ጥርሱም አየው። ከፊቱ ተማሪዋ «ሻንጣ ነው» አለች።

«ሻንጣ ሞልቷል። ምልክቱ?» አለች ሚስቱ።

የአራሚው ጆሮ ቆመ። ግን ተራው ደረሰ፤ ለማሰብ ጊዜ አላገኘም።

«ጥቁር ቦርሳ» አለ።

«ምልክቱ?»

«አንቺ፣ ቦርሳዬን አታውቂውም እንዴ?»

«እኔ አውቀዋለሁ። የተጠየቁት እርስዎ ነዎት።»

ግራ ቀኙን አየ። «ጥቁር ነው። ትልቅ ነው። እጀታ አለው።»

«እጀታው እንዴት ነው?»

«እጀታ ነዋ!»

«በሰማያዊ ክር ተሰፍቷል» አለች። «ክረምት ላይ ተበጥሶ ሳለ አንድ ሰው ሰፍቶልዎታል። ይሁን። ውስጡ ያለው ምንድን ነው?»

«ረቂቅ ነው። መጽሐፍ።»

«ስለ ምን?»

መናገር አሳፈረው፤ ግን ኋላው ያለው ሰልፍ ይገፋዋል። «አንድ ጎረምሳ አለ» ብሎ ጀመረ። «ተመርጧል። ሰይፉን ጋሪ ላይ ይረሳል። ከዚያ የተረሱ ዕቃዎች ክፍል ሄዶ፣ ያበራል ሲል፣ ሴትዮዋ ሁሉም ያበራሉ ትለዋለች።» ተማሪዋ በሳቅ ፈነዳች። አንድ ሽማግሌ «እሺ፣ ከዚያስ?» አሉ። «ከዚያ አንዲት ዘንዶ ጃንጥላ ረስታ ትመጣለች፤ ዝናብ ሲነካት ያስላታል...» ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ያን ሁሉ ማታ በቀይ ቀለም የጻፈው፣ የተንበረከከችው ሴትዮ፣ የተቃጠለው መንደር፣ ነጩ ፈረስ፣ አንዱም ትዝ አላለውም። የሚተርከው የሰረዘውን ነበር።

ከበሩ በኩል አንድ ሾፌር በሳቅ እየተንከተከተ፣ «ኧረ ይቺማ የእኛ እትዬ ምልክት ናት!» አለ።

አራሚው ክው አለ። መጀመሪያ ሾፌሩን አየ፣ ቀጥሎ ጥርሱን፣ በመጨረሻ ሚስቱን። 

«የረቂቁ ባለቤት ማን ነው?» አለችው።

 «አንቺ» አለ።

ቦርሳውን አወረደች፤ ረቂቁን አውጥታ በጠረጴዛዋ ላይ አደረገች፤ ባዶውን ቦርሳ በመስኮቱ ገፋችለት። «እንግዲያው ባለቤቱ ተገኝቷል። አለቃዎ ንጹሑን ቅጂ ከእኔ እጅ ያገኛሉ።»

ቦርሳውን አላነሣም። ፊቱ ሲቀላ እሷም አየችው፤ ያ ቀለም ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ ላይ መዋሉ ነው። «መደርደሪያው ላይ የተቀመጠችውስ?» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እሷን ልውሰዳት?»

«ምልክቷ?»

አፉን ከፈተ። ለዘንዶ ሁሉ፣ ለልዕልት ሁሉ፣ ለሰው ሠርግ ጥሪ ሁሉ ቃል የማይጠፋው ሰው ቃል አጣ።  «ደብዳቤ ጽፋልኝ ነበር» አለ በመጨረሻ። «አርሜ መለስኩላት።»

«እሱ የእርስዎ ምልክት ነው» አለች። «የጠየቅኩት የእሷን ነው።»

በዚህ የሳቀ የለም። ሽማግሌው እንኳ መሬት መሬት አዩ።

«ያልተጠየቀ ዕቃ እዚህ አንድ ዓመት ይቆያል» አለች እትዬ ምልክት።

«ከዚያስ?»

«ጨረታ ይወጣል። ቀጣይ!»

ያን ቀን ማታ ራት ላይ የተነበበ ነገር አልነበረም። አሮጊቷ፣ «ዛሬ ዘንዶዋ የለችም?» ብለው ጠየቁ። አራሚው ምግቡን እየገፋ ተቀምጦ ቆየ። ከዚያ ካልታወቀ ቦታ አንድ ድምፅ ከአፍንጫው አመለጠው፤ እጁን አፉ ላይ አደረገ፤ ትከሻው ግን ተንቀጠቀጠ። «ሳል ነው?» አሉ እናቱ። «ክራንቹ» አለ፣ እንባው እየወረደ፣ «ሰውየው ያለ ክራንች እንዴት ነው የሄደው?» እትዬ ምልክት ሳህኖቹን አንስታ ልታጥብ ሄደች። 

ጠዋት ከቤት ቀድማው ወጣች። መናኸሪያ ደርሳ የመስኮቱን መዝጊያ ከፍ ስታደርግ ከመስኮቱ ውጭ የሰልፉ መጀመሪያ ላይ የቆመው እሱ ነው። ከኋላው ገና ማንም የለም። ያቺን አንዲት ፌርማታ ጨምሮ መጥቷል። የደረት ኪሱ ባዶ ነው።

ወንበሯን ሳበች፣ ተቀመጠች፣ እንደ ልማዷ አንገቷን ደፋች።

«ምልክቷ?» አለች።

«ቀልደኛ ናት» አለ። «አላውቅም ነበር።»

ካርድ አወጣችና ጻፈችው። ጽሑፉ ትንሽ ተንጋደደባት። በአንድ ምልክት ዕቃ አይሰጥም፤ ደንቡን እሷ አላወጣችውም።

«ሌላስ?» አለችው፣ ቀና ብላ።